ሁለት ኤሌክትሮን በሁለት ቤት፦ የብዙ አካል ኳንተም ፊዚክስን በእርሳስ መጀመር

ይህ መመሪያ ኮንደንስድ ማተር ፊዚክስ ለጀመራችሁ ተማሪዎች ነው። ኳንተም ሜካኒክስ ወስዳችኋል። ማትሪክስ ታውቃላችሁ። የሃይድሮጅንን አቶም አንድ ጊዜ ፈትታችኋል። አሁን ግን ኤሌክትሮኖቹ በዙ፣ እርስ በርስም መገፋፋት ጀመሩ። መጽሐፉን ስትከፍቱ ገና ከመግቢያው ኦፐሬተር በኦፐሬተር ላይ ተደርድሯል። ብዙ ጎበዝ ልጆች እዚህ ጋ ልባቸው ሲወድቅ አይቻለሁ። ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ነገሩ በጣም የሚያምር ነው።

ባሕር ዳር ውስጥ ተማሪዎችን በዚህ ትምህርት ማገዝ ከጀመርኩ ጥቂት ዓመታት ሆነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከፔዳ ግቢ ወጥተን ጣና ዳር ዋርካ ሥር እንቀመጣለን። ከሁሉም ጋር የምጀምረው በአንድ ጥያቄ ነው፤ ሁለት ኤሌክትሮን፣ ሁለት ቤት። "ቤት" የምለው ክሪስታል ውስጥ ኤሌክትሮን የሚያርፍበትን ቦታ፣ ክፍል ውስጥ "ሳይት" የምንለውን ነው። ይህችን ጥያቄ በእጁ ጨርሶ የፈታ ሰው ከዚያ በኋላ ወፍራሙ መጽሐፍ አያስፈራውም።

የሚያስፈልጋችሁ ባለ ካሬ ደብተር፣ እርሳስና ላጲስ ነው። ለእርምጃ 6ና 7 ላፕቶፕ ያስፈልጋል፤ 4 ጊጋ ራም ያለው ይበቃል። የፕሮግራም ቋንቋውን ፓይተንን፣ የሒሳብ ማገዣዎቹን ነምፓይንና ሳይፓይንም ኔትወርክ ባለበት ቀን አስቀድማችሁ ጫኑ። ባትሪውንም ሙሉት፤ መብራት ሲጠፋ ሥራው መሐል ላይ እንዳይቋረጥባችሁ።

እርምጃ 1፦ መቁጠር

ገበጣ ስትጫወቱ ማወቅ የሚያስፈልጋችሁ በየጉድጓዱ ስንት ጠጠር እንዳለ ብቻ ነው። "ይቺ ጠጠር ቅድም የት ነበረች?" ብሎ የሚጠይቅ ተጫዋች የለም። ጠጠሮቹ ስም የላቸውም።

ኤሌክትሮኖችም ስም የላቸውም። በመጀመሪያው ኮርስ ግን ስም ሰጥተናቸው ነበር። "አንደኛው ኤሌክትሮን እዚህ፣ ሁለተኛው እዚያ" ብለን ጻፍን። ከዚያ ስም መስጠታችንን ለማረም ቦታ እያቀያየርን፣ ምልክት እያፈራረቅን ደመርን። ለ10 ኤሌክትሮን እንዲህ ያለው ድምር 3,628,800 ቁራጭ አለው። ይህ ሁሉ ድካም የመጣው ከመጀመሪያው ስም ስለሰጠናቸው ነው። ሰከንድ ኳንታይዜሽን የሚባለው ዘዴ እንደ ገበጣ ተጫዋች ያስባል። በየቤቱ ስንት አለ? ይኸው ነው ጥያቄው።

ከገበጣ የሚለየን አንድ ሕግ አለ። ጉድጓድ ውስጥ የፈለጋችሁትን ያህል ጠጠር ይገባል፤ ያ የቦዞን ባሕርይ ነው። ኤሌክትሮን ፌርሚዮን ስለሆነ በአንድ ቤት ከአንድ ↑ (ስፒኑ ወደ ላይ) እና ከአንድ ↓ (ስፒኑ ወደ ታች) በላይ አይገባም። ስለዚህ እያንዳንዱ ቤት አራት መልክ ብቻ አለው፤ ባዶ፣ ↑፣ ↓፣ ወይም ↑↓።

አሁን ደብተራችሁ ላይ ሁለት ቤት ሣሉ። ሁለት ኤሌክትሮን አስገቡ። ስንት ዓይነት አቀማመጥ አለ? በጭንቅላት አትገምቱ፣ አንድ በአንድ ሣሉት። ስድስት ታገኛላችሁ። ሁለቱ ቀላል ናቸው፤ ሁለቱም ↑ ሆነው በየቤታቸው፣ ሁለቱም ↓ ሆነው በየቤታቸው። እነዚህ መንቀሳቀስ አይችሉም፣ ምክንያቱም ጎረቤት ቤት ውስጥ ያው ስፒን ተቀምጧል። ኢነርጂያቸው ዜሮ ነው፤ ወደ ጎን አድርጓቸው። የቀሩት አራቱ እነዚህ ናቸው፦

ሀ፦ ↑ በቤት 1፣ ↓ በቤት 2
ለ፦ ↓ በቤት 1፣ ↑ በቤት 2
ሐ፦ ሁለቱም በቤት 1
መ፦ ሁለቱም በቤት 2

እርምጃ 2፦ ለእያንዳንዱ ዋጋ መተመን

ሃሚልቶኒያኑ፣ ማለትም ኢነርጂውን የሚሰጠን ኦፐሬተር፣ ሁለት ነገር ብቻ ይላል። ኤሌክትሮን ከቤት ወደ ጎረቤት ቤት ይዘላል፤ የዝላዩን ጉልበት ዝ እንበለው። በሃሚልቶኒያኑ ውስጥ ከፊቱ የመቀነስ ምልክት አለው፣ ማለትም −ዝ። ሁለት ኤሌክትሮን አንድ ቤት ሲገቡ ደግሞ ይገፋፋሉ፤ የግፊያውን ዋጋ ግ እንበለው። ከሐይቁ ላይ የደንገል ታንኳ አይታችሁ ከሆነ ነገሩ ይገባችኋል። አንድ ሰው ሲቀመጥባት ቀለል ብላ ትንሳፈፋለች። ሁለተኛ ሰው ሲጨመር ዝቅ ትላለች፣ ውሃውም ይጠጋል። ሁለት መሆን አይከለከልም፣ ግን ዋጋ አለው።

ይህ የሃባርድ ሞዴል ይባላል። ጆን ሃባርድ በ1963 እ.ኤ.አ. አቅርቦታል፤ ጉትዝዊለርና ካናሞሪም በዚያው ዓመት ለየብቻቸው ተመሳሳይ ነገር ጽፈዋል። በሁለት ፊደል የሚጻፍ ሞዴል ነው። በሁለት አቅጣጫ በተዘረጋ ትልቅ ክሪስታል ላይ ግን እስከ ዛሬ ሙሉ መልስ የለውም።

እርምጃ 3፦ ሰልፉን መያዝ

እዚህ ጋ ቀስ በሉ። ከመመሪያው ሁሉ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው።

ፌርሚዮኖች ስም ባይኖራቸውም ሰልፍ አላቸው። ወደ ቤቶቹ የሚያስገቡት ኦፐሬተሮች የሚጻፉበት ቅደም ተከተል አለ፤ ሁለቱን ጎረቤት ኦፐሬተሮች ቦታ ስታቀያይሩ የመቀነስ ምልክት ይመጣል። ስለዚህ ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ሰልፍ ምረጡና ደብተሩ አናት ላይ ጻፉት። ከዚያ እስከ መጨረሻው አትንኩት።

እኔ የምመርጠው ሰልፍ ይህ ነው፤ መጀመሪያ ↑ዎቹ ሁሉ በቤት ቁጥራቸው፣ ቀጥሎ ↓ዎቹ ሁሉ በቤት ቁጥራቸው። ለምን? ↑ ኤሌክትሮን ከቤት 1 ወደ ቤት 2 ሲዘል መሐል ላይ የሚያልፈው ሌላ ኤሌክትሮን የለም። ↓ም እንደዚያው። ስለዚህ በሁለት ቤት ጥያቄ ውስጥ ምንም ተጨማሪ የመቀነስ ምልክት አይመጣም።

አሁን ከሀ ተነሱ። ↑ን ወደ ቤት 2 ብታዘልሉ መ ይሆናል። ↓ን ወደ ቤት 1 ብታዘልሉ ሐ ይሆናል። ከለ ብትነሱም መድረሻዎቹ ያው ሐ እና መ ናቸው። ከሀ በቀጥታ ወደ ለ መንገድ የለም፣ ምክንያቱም አንድ ዝላይ የሚያንቀሳቅሰው አንድ ኤሌክትሮን ብቻ ነው። ሐ እና መ ሁለት ኤሌክትሮን ባንድ ቤት ስላላቸው ግን ይከፍላሉ። ማትሪክሱ እንዲህ ይሆናል፦

ሀ፦ 0, 0, −ዝ, −ዝ
ለ፦ 0, 0, −ዝ, −ዝ
ሐ፦ −ዝ, −ዝ, ግ, 0
መ፦ −ዝ, −ዝ, 0, ግ

ከመፍታታችሁ በፊት አንድ ነገር አረጋግጡ። ማትሪክሱ በሰያፉ (በዲያጎናሉ) ግራና ቀኝ አንድ ዓይነት መሆን አለበት። ካልሆነ አንድ ዝላይ ረስታችኋል።

እርምጃ 4፦ መፍታት

አራት በአራቱን እንደወረደ ለመፍታት አትሞክሩ። በሲሜትሪ ቁረጡት።

ሀ ሲቀነስ ለ ብላችሁ ውሰዱ። ሁለቱ ወደ አንድ ዓይነት ቦታ ስለሚሄዱ መቀነሱ ሁሉንም ያጠፋዋል። ኢነርጂው 0 ሆነ። ሐ ሲቀነስ መ ብላችሁ ውሰዱ። እዚህም ዝላዩ ይጠፋፋል፤ የቀረው ግ ብቻ ነው። ሁለት መልስ ያለ ምንም ልፋት ተገኘ።

የቀሩት ሀ ሲደመር ለ፣ እና ሐ ሲደመር መ ናቸው። እያንዳንዳቸውን በ√2 አካፍላችሁ አስተካክሉ። የሚቀራችሁ ሁለት በሁለት ማትሪክስ ነው፦

0, −2ዝ
−2ዝ, ግ

ይህ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኳድራቲክ ነው። ዝቅተኛው ኢነርጂ እንዲህ ይወጣል፦

(ግ − √(ግ² + 16ዝ²)) ÷ 2

ከፍተኛው ደግሞ ያው ሆኖ በመሐል ያለው ምልክት መደመር ይሆናል።

መልሱን ወዲያው አትመኑት፣ ፈትኑት። አራቱን መልሶች ደምሩ፤ 2ግ መምጣት አለበት፣ ምክንያቱም በማትሪክሱ ሰያፍ ላይ ያለው ድምር 2ግ ነው። የግን ዋጋ ዜሮ አድርጉ፤ −2ዝ ታገኛላችሁ። ትክክል ነው፤ ግፊያ ከሌለ እያንዳንዱ ኤሌክትሮን −ዝ ይዞ ዝቅተኛው ደረጃ ላይ ይቀመጣል። የግን ዋጋ በጣም ትልቅ አድርጉ፤ መልሱ ወደ −4ዝ²÷ግ ይጠጋል።

በቁጥር እንየው። ዝ 1፣ ግ 8 ይሁን። ትክክለኛው መልስ −0.472 ነው። ግምቱ −4÷8፣ ማለትም −0.5 ይላል። ግ 20 ሲሆን ትክክለኛው −0.198፣ ግምቱ −0.2። እየተጠጉ ነው። ሌላም አስሉ፤ ኤሌክትሮኖቹ አንድ ቤት ውስጥ አብረው የመገኘት ዕድላቸው ስንት ነው? ግ ዜሮ ሲሆን 50 በመቶ ነው። ግ 8 ሲሆን 5.3 በመቶ ገደማ ይሆናል። በዚህ ቁጥር ላይ ትንሽ ቆዩ። እያንዳንዱ ኤሌክትሮን የየራሱን ቤት ይዞ ተቀመጠ ማለት ነው። ብዙ ቤት ባለበት ጠጣር ነገር ውስጥ እንዲህ ሲሆን ኤሌክትሪክ አያልፍም።

ኒኬል ኦክሳይድ ይህን አሳይቶ ሰዎችን ያስደነገጠው ገና በ1937 እ.ኤ.አ. ነው። የኤሌክትሮኖቹን መገፋፋት ችላ የሚለው የዚያን ጊዜው የባንድ ንድፈ ሐሳብ ይህ ነገር ኤሌክትሪክ የሚያሳልፍ ሜታል መሆን አለበት ይላል፣ ነገሩ ግን ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ደ ቦርና ፈርዌይ ችግሩን አነሡ፣ ፊዚሲስቶቹ ኔቪል ሞትና ሩዶልፍ ፓየርልስ ደግሞ የኤሌክትሮኖቹን መገፋፋት እንደ ምክንያት ጠቆሙ። እንዲህ ያለውን ዛሬ በኔቪል ሞት ስም "ሞት ኢንሱሌተር" እንለዋለን።

የምልክቱ ወጥመድ

አንድ ቅዳሜ አንዲት ተማሪ ደብተሯን አዙራ አሳየችኝ። "ቲቸር፣ ዝቅተኛው ስቴት ላይ ሀ ሲደመር ለ ነው ያለው። የመደመር ምልክት ካለ ትሪፕሌት አይደለም እንዴ?"

ጥያቄዋ ልቤን ነካው፣ ምክንያቱም እኔም ተማሪ ሳለሁ እዚሁ ተይዤ ሁለት ቀን አጥፍቻለሁ። በኳንተም ሜካኒክስ ኮርስ ሲንግሌት (ጠቅላላ ስፒኑ 0 የሆነው) የመቀነስ ምልክት፣ ትሪፕሌት (ጠቅላላ ስፒኑ 1 የሆነው) ደግሞ የመደመር ምልክት እንዳለው ተምረናል። እዚህ ግን መደመር አየን። ታዲያ የቱ ነው ትክክል?

ሁለቱም። ልዩነቱ ከሰልፉ የመጣ ነው። የእኛ ሰልፍ ↑ን ሁልጊዜ ያስቀድማል። ስለዚህ ለ ውስጥ ቤት 2 ላይ ያለው ↑ ቤት 1 ላይ ካለው ↓ ቀድሞ ይጻፋል። ሰልፉን በቤት ቁጥር ብታደርጉት ቤት 1 ይቀድማል፣ ሁለቱ ኦፐሬተሮች ቦታ ይቀያየራሉ፣ የመቀነስ ምልክት ይወጣል፣ መደመሩም መቀነስ ይሆናል። ስቴቱ ያው ሲንግሌት ነው። ኢነርጂው አልተነካም። ተማሪዋ ሁለቱንም ሰልፍ ጎን ለጎን ጽፋ ስታየው ፊቷ በራ። እናንተም እንዲሁ አድርጉ፤ ያቺን አንዲት ገጽ በሁለቱም ሰልፍ ሥሯት። ሃያ ደቂቃ ይፈጃል፣ በኋላ ግን ብዙ ሌሊት ያተርፋል።

ማግኔትነት ከየት መጣ

ግ ትልቅ ሲሆን ዝቅ ያሉት ሁለት ደረጃዎች ናቸው። ሲንግሌቱ −4ዝ²÷ግ ላይ፣ ትሪፕሌቱ 0 ላይ። ምክንያቱን በቃላት ማስረዳት ካልቻላችሁ ገና አልገባችሁም ማለት ነው፤ ስለዚህ ሞክሩት። ስፒናቸው የተቃረነ ኤሌክትሮኖች አንዱ ወደ ሌላው ቤት ለአፍታ ብቅ ብሎ መመለስ ይችላል። ያቺ ብቅታ ኢነርጂን ዝቅ ታደርጋለች። ስፒናቸው አንድ ዓይነት ከሆነ ግን የፓውሊ ሕግ (በአንድ ቤት ሁለት አንድ ዓይነት ስፒን አይገባም የሚለው) በሩን ዘግቷል፣ ብቅታ የለም። ስለዚህ ጎረቤቶች ተቃራኒ መሆንን ይመርጣሉ።

ሃሚልቶኒያናችን ውስጥ ስለ ማግኔት አንድም ቃል አልነበረም። ዝላይና ግፊያ ብቻ ነበር። ማግኔትነቱ ከሁለቱ ተወለደ። ይህን መጀመሪያ ያየሁ ቀን ደብተሬን ዘግቼ ሐይቁን ሳይ ቆየሁ።

መጠኑም ቀላል አይደለም። በ1986 እ.ኤ.አ. ቤድኖርዝና ሙለር ካገኟቸው የመዳብ ኦክሳይድ ሱፐርኮንዳክተሮች መነሻ በሆነው ላንታነም መዳብ ኦክሳይድ ውስጥ ይህ የጎረቤት ስፒኖች ጉልበት በሙቀት ሲለካ ወደ 1,500 ኬልቪን ነው። ለማነጻጸር ያህል፣ ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ፣ ማለትም በ367 ኬልቪን ገደማ ነው። አጠገባችን ጀበና ውስጥ ከሚንተከተከው የዘጌ ቡና ሙቀት አራት እጥፍ መሆኑ ነው። ሁለት አቶሞች እንደ ትንንሽ ማግኔት በቀጥታ ቢሳሳቡ ግን ጉልበቱ ከ1 ኬልቪን በታች ይሆን ነበር።

እርምጃ 5፦ አራት ስፒን በቀለበት

አሁን ኤሌክትሮኖቹ በየቤታቸው ተቀምጠዋል እንበል። የቀረው ስፒኑ ብቻ ነው። ይህ የሃይዘንበርግ ሞዴል ነው። ያንን 4ዝ²÷ግ እንደ 1 ቁጠሩትና ለእያንዳንዱ የጎረቤት ጥንድ ይህን ሕግ ተከተሉ። ጥንዱ አንድ ዓይነት ከሆነ +¼። ጥንዱ የተለያየ ከሆነ −¼፣ በተጨማሪም ሁለቱ ስፒኖች በ½ ይቀያየራሉ። (ከላይ ካገኘነው ጋር ሁሉም ደረጃ በ¼ ከፍ ብሏል፤ ልዩነቱ አልተነካም።)

አራት ስፒኖችን በቀለበት አስቀምጡ። ሁለት ↑ እና ሁለት ↓ ያላቸው ስድስት ስቴቶች አሉ። ሁለቱ የተፈራረቁ ናቸው፤ ↑↓↑↓ እና ↓↑↓↑። አራቱ የተጣመዱ ናቸው፤ ↑↑↓↓ እና ሲዞር የሚመጡት ሦስቱ።

የተፈራረቀው አራት የተለያዩ ጥንዶች ስላሉት ሰያፉ −1 ነው። ከእያንዳንዱ ጥንድ መቀያየር አንድ አንድ የተጣመደ ስቴት ይወጣል፤ አራቱም ይደረሳሉ። የተጣመደው ሁለት አንድ ዓይነትና ሁለት የተለያየ ጥንድ ስላለው ሰያፉ 0 ነው፤ መቀያየሩም ወደ ሁለቱ የተፈራረቁ ይወስደዋል። የተፈራረቁትን ደምራችሁ በ√2 አካፍሉ፣ የተጣመዱትን ደምራችሁ በ2 አካፍሉ። ስድስቱ ሁለት ሆኑ፦

−1, √2
√2, 0

መልሱ −2 እና 1 ነው። ዝቅተኛው −2።

የተፈራረቀው ስቴት ብቻውን −1 ነበር። ብዙ ሰው አንቲፌሮማግኔት (ጎረቤት ስፒኖቹ ተቃራኒ መሆንን የሚመርጡ ነገር) ሲባል ↑↓↑↓ ብቻ ያስባል፤ ትክክለኛው ስቴት ግን ያንን በ⅔ ዕድል ብቻ ይይዛል፣ የቀረው ⅓ የተጣመዱት ነው። በዚህ ትንሽ ቀለበት ውስጥ ከኢነርጂው ግማሹ የመጣው ስፒኖቹ ቦታ ከመቀያየራቸው ነው።

እርምጃ 6፦ ላፕቶፑን መክፈት

አሁን ብቻ ኮምፒውተር ክፈቱ። እጃችሁ −2 ብሎ ስለነገራችሁ ማሽኑ ሲዋሽ ታውቁበታላችሁ።

↑ን 1፣ ↓ን 0 አድርጉ። እያንዳንዱ ስቴት የሁለትዮሽ ቁጥር ሆነ። 1010 ማለት 10 ነው፣ 0101 ማለት 5። ከ0 እስከ 15 ሂዱና በውስጣቸው ሁለት 1 ያላቸውን ብቻ ለቅማችሁ ሊስት ውስጥ አስገቡ። የሚወጣው 3, 5, 6, 9, 10, 12 ነው። ይህን ሊስት አሳትማችሁ በዓይናችሁ እዩት። ቀጥሎ ዲክሽነሪ ሥሩ፤ ቁጥሩን ሲሰጡት በሊስቱ ውስጥ ስንተኛ እንደሆነ ይመልስ።

ከዚያ በየስቴቱና በየጥንዱ እየዞራችሁ ሁለቱን ቢቶች አወዳድሩ። አንድ ከሆኑ ሰያፉ ላይ ¼ ጨምሩ። ከተለያዩ ¼ ቀንሱ፣ ሁለቱን ቢቶች በኤክስኦር ገልብጡ፣ የወጣውን ቁጥር በዲክሽነሪው ፈልጉና እዚያ ቦታ ላይ ½ ጨምሩ። 10ን ብታስገቡ ከአራቱ ጥንዶች 9, 12, 6 እና 3 መውጣት አለባቸው። "ጨምሩ" ያልኩትን ልብ በሉ፤ "አስቀምጡ" ካላችሁ የቀደመውን ትደመስሳላችሁ።

ማትሪክሱን ለነምፓይ ስጡት። −2 ካላለ ወደ ፊት አትሂዱ።

−2 ካለ የቤቱን ብዛት ጨምሩና ዝቅተኛውን ኢነርጂ በቤቱ ብዛት አካፍሉ፦

4 ቤት፦ −0.5000
6 ቤት፦ −0.4671
8 ቤት፦ −0.4564
10 ቤት፦ −0.4515
12 ቤት፦ −0.4489

ለማለቂያ የለሽ ሰንሰለት ትክክለኛው መልስ ይታወቃል። ሃንስ ቤተ በ1931 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘዴ ሁልተን በ1938 አስልቶታል፤ ¼ ሲቀነስ የ2 ተፈጥሯዊ ሎጋሪዝም፣ ማለትም −0.4431። ጠረጴዛ ላይ ያለ ተራ ላፕቶፕ በ12 ስፒን ብቻ እስከዚህ ይጠጋል። ምን ያህል እንደሚጠጋም እዩ። የ4ቱን ስህተት በ4×4 ብታባዙ 0.91 ይመጣል። የ8ቱን በ8×8 ብታባዙ 0.85። የ12ቱን በ12×12 ብታባዙ 0.84። ስህተቱ በቤቱ ብዛት ካሬ እየተከፈለ ይወርዳል ማለት ነው። ግራፉን ስትሥሉ አግድሙ ላይ የቤቱን ብዛት አታድርጉ፤ 1 ለብዛቱ ካሬ አድርጉ፣ ነጥቦቹ ቀጥ ብለው ይሰለፋሉ።

የ↑ዎቹን ብዛት መወሰን ለምን እንደጠቀመ በቁጥር ይታያል። ለ12 ቤት ሁሉም ስቴቶች 4,096 ናቸው፤ እኩል ↑ና ↓ ያላቸው ግን 924 ብቻ። ለ16 ቤት 65,536 ነበሩ፣ 12,870 ይሆናሉ። ሙሉውን የ16 ማትሪክስ ልያዝ ብትሉ 34 ጊጋባይት ገደማ ይፈልጋል። የተቆረጠው 1.3 ጊጋ ገደማ ነው። ለ20 ቤት 184,756 ስቴቶች ስላሉ ማትሪክሱን ሙሉውን መያዝ ተዉ። በእያንዳንዱ መስመር ዜሮ ያልሆነው ከ21 አይበልጥም። ዜሮ ያልሆኑትን ብቻ በሳይፓይ ስፓርስ ማትሪክስ አስቀምጡና ዝቅተኛውን አይገንቫልዩ ብቻ ጠይቁ። ከኋላ የሚሠራው ዘዴ መነሻው ላንቾስ በ1950 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ነው።

አንድ ትንሽ ወጥመድ ልንገራችሁ። ቀለበቱን በ2 ቤት ከፈተናችሁት ፕሮግራሙ አንዱን ጥንድ ሁለት ጊዜ ይቆጥረዋል። −0.75 መሆን ሲገባው −1.5 ይላችኋል። ፕሮግራሙ ትክክል ነው፤ ሁለት ቤት ቀለበት አይሠራም።

ቤቶቹ ሲበዙ ይህ መንገድ ይዘጋል። ለ40 ስፒን ያለ ምንም መቁረጥ አንዱን ቬክተር ብቻ ለመያዝ 8.8 ቴራባይት ያስፈልጋል። ስቲቨን ዋይት በ1992 እ.ኤ.አ. ያመጣው ዲኤምአርጂ የሚባል የስሌት ዘዴ ለሰንሰለቶች ይህን ግድግዳ አልፎታል፤ እሱ ግን የሌላ ቀን ሥራ ነው።

እርምጃ 7፦ ለብቻችሁ የምትሠሩት

ሁለት ሥራ እሰጣችኋለሁ።

የመጀመሪያው ቀላል ነው። የአራቱን ስፒን ቀለበት አንዱን ጥንድ ቁረጡና ቀጥ ያለ ሰንሰለት አድርጉት። −1.6160 መምጣት አለበት።

ሁለተኛው ኤሌክትሮኖቹን ይመልሳል። አራት ቤት በቀለበት፣ ሁለት ↑ና ሁለት ↓፣ የሃባርድ ሞዴል። ↑ዎቹን ለማስቀመጥ 6 መንገድ፣ ↓ዎቹን ለማስቀመጥ 6 መንገድ፣ ስለዚህ 36 ስቴት። ሰልፉን ደብተሩ አናት ላይ ጻፉ። ከቤት 4 ወደ ቤት 1 የሚደረገው ዝላይ ላይ ጥንቃቄ አድርጉ፤ የሚዘለው ኤሌክትሮን በሰልፉ ውስጥ ያለውን ያንን ሌላ ባለ አንድ ዓይነት ስፒን ያልፈዋል፣ ስለዚህ ምልክቱ ይገለበጣል።

የግን ዋጋ ዜሮ አድርጋችሁ አስሉት። −4ዝ ካገኛችሁ ምልክቶቻችሁ ትክክል ናቸው። −5.657ዝ ካገኛችሁ የቤት 4ና የቤት 1 ዝላይ ላይ ምልክቱን ረስታችኋል፤ ኤሌክትሮኖቻችሁ እርስ በርስ እንደማይደራረቡ ቦዞኖች ሆነዋል። ወደ እርምጃ 3 ተመለሱና አስተካክሉ። ከዚያ የግን ዋጋ 50፣ 100፣ 200 እያላችሁ አሳድጉ። ዝቅተኛው ኢነርጂ በግ ሲባዛ ወደ −12ዝ² ሲጠጋ ታያላችሁ። ያ 12 ከቀለበቱ −2 እና ከአራቱ ¼ዎች እንዴት እንደሚወጣ በእርሳስ ጻፉት፣ ቅዳሜ ይዛችሁት ኑ።